ሃቢቢን በአንድ መስመር አትለፏቸው

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኢንዶኔዥያ ስትጽፉ ሁሌ የማገኛቸው ስሞች ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፕሬዚዳንቶች ሱካርኖና ሱሃርቶ። ከዚያ ቀጥታ ወደ አሁኖቹ መሪዎች ትዘላላችሁ። መሀል ላይ ባካሩዲን ዩሱፍ ሃቢቢ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ስማቸው ቢነሳ እንኳ "የሽግግር ፕሬዚዳንት" ተብለው በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ይሄ ትክክል አይደለም። በተለይ ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው የሳቸውን ታሪክ ማወቅ አለበት ባይ ነኝ። (የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው ፖለቲከኛ ለመሆን የተነሱ አልነበሩም። በ1936 ሱላዌሲ ደሴት ላይ ፓሬፓሬ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። እናታቸው ግን ልጄ መማር አለበት ብለው መጀመሪያ ባንዱንግ፣ ቀጥሎም ጀርመን አገር አኸን ድረስ ላኳቸው። የአውሮፕላን ምህንድስና አጥንተው በ1965 ዶክትሬታቸውን ያዙ። በአውሮፕላን አካል ላይ ስንጥቅ እንዴት እንደሚስፋፋ በማስላት ስም አተረፉ፤ በአንድ ትልቅ የጀርመን አውሮፕላን ኩባንያም እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። በ1974 ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቋቸው ሱሃርቶ ሲጠሯቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከ1978 ጀምሮ 20 ዓመት የምርምርና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ነበሩ። ባንዱንግ ላይ በመሩት ፋብሪካ የተሠራው ኤን-250 አውሮፕላን ነሐሴ 1995 በረረ። ለዚህ ሁሉ የፈሰሰው የመንግሥት ገንዘብ ብዙ ወቀሳ አስከትሎባቸዋል፤ ወቀሳውም መሠረት አለው። በ1998 መጀመሪያ፣ ኢኮኖሚው ሲንኮታኮት፣ ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት የመንግሥት ድጎማው ተቋረጠና አውሮፕላኑ ገበያ ሳይደርስ ቀረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በ1994 ሃቢቢ የቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን 39 ያገለገሉ የጦር መርከቦች ግዢን በተመለከተ ከገንዘብ ሚኒስትሩ ጋር በወጪው አልተስማሙም። ቴምፖ የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ይህንን ጻፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ መንግሥት ቴምፖን ከሌሎች ሁለት የኅትመት ውጤቶች ጋር ፈቃዱን ነጥቆ ዘጋው። ያኔ አንድ ጋዜጣ ለመታተም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ፈቃዱ ከተነጠቀ ደግሞ አለቀለት ማለት ነው።

አራት ዓመት አለፈ። ሃቢቢ ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑ ገና ሁለት ወር ገደማቸው ነበር፤ ግንቦት 21 ቀን 1998 ሱሃርቶ ከ32 ዓመት በኋላ ሥልጣን ለቀቁና ወንበሩ ለሃቢቢ ሆነ። ተማሪዎቹ አላመኗቸውም፣ ምክንያቱም የሱሃርቶ የቅርብ ሰው ነበሩ። ታዲያ ምን አደረጉ? ቀናት ሳይቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞችን መፍታት ጀመሩ። የማስታወቂያ ሚኒስትራቸው የፈቃዱን ሥርዓት አላላው፤ ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ቴምፖ ራሱ ተመልሶ ታተመ። በ1999 የወጣው የፕሬስ ሕግ ደግሞ ፈቃድ የሚባለውን ነገር ጭራሽ አስቀረው። በሳቸው ጉዳይ የጻፈ መጽሔት ተዘግቶ ነበር፣ በሳቸው ዘመን ተከፈተ። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ሰኔ 1999 በተደረገው ምርጫ 48 ፓርቲዎች ተወዳደሩ። ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው ነፃ ምርጫ ይህ ነው። የሳቸው ፓርቲ ጎልካር በሱካርኖ ልጅ በሜጋዋቲ ፓርቲ ተሸነፈ፣ ውጤቱም ጸና።

ምሥራቅ ቲሞርን ሳላነሳ ብተው ግን አድሏዊ እሆናለሁ። ኢንዶኔዥያ በ1975 በጦር የያዘችውን ያንን ምድር ሕዝቡ ይወስን ብለው፣ ብዙ ጄኔራሎች እየተቃወሙ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1999 ድምፅ እንዲሰጥ አደረጉ። 78.5 በመቶው ነፃነትን መረጠ። ከዚያ በጦሩ የሚደገፉ ሚሊሻዎች ከተማ መንደሩን አቃጠሉ፣ ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ ሃቢቢም ዓለም አቀፍ ኃይል እንዲገባ የፈቀዱት ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ነው። ጦራቸውን መግታት አልቻሉም። የፕሬዚዳንትነት ኃላፊነት ነውና ይህ ከስማቸው ጋር ይኖራል። ውሳኔው ግን የሳቸው ነበር፤ ሱሃርቶ በዚያ ሁሉ የሥልጣን ዘመናቸው ያልደፈሩትን እሳቸው ደፈሩ።

ጥቅምት 1999 ላይ ያኔ ፕሬዚዳንት ይመርጥ የነበረው የሕዝብ ምክክር ጉባኤ የሥራ ሪፖርታቸውን በ355 ለ322 ድምፅ ውድቅ አደረገው። የቲሞር ጉዳይና ባሊ በተባለው ባንክ ዙሪያ የተነሳው የገንዘብ ቅሌት ጎድቷቸው ነበር። በጦሩ ተጠቅሜ ሥልጣን ላይ ልቆይ አላሉም፤ ከዕጩነት ራሳቸውን አገለሉ። ወዲያው አብዱራህማን ዋሂድ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በሥልጣን ላይ የቆዩት 17 ወር ብቻ ነው!

በመስከረም 2019 ከማረፋቸው ጥቂት ቀናት በፊት በምሥራቅ ቲሞር ዋና ከተማ ዲሊ ውስጥ አንድ ድልድይ በስማቸው ተሰይሞ ተመረቀ። ያንን ያደረጉት ቲሞሮች ናቸው፤ ያ ሁሉ የደረሰባቸው ሰዎች።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ኢንዶኔዥያ ስትጽፉ ለሃቢቢ አንድ ሙሉ ገጽ ስጧቸው። ስለ አውሮፕላኑ ብቻ ሳይሆን ስለ ፕሬስ ሕጉም፣ ስለ ቲሞር እልቂትም ጻፉ። ድክመታቸውንም አትደብቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ