ሃሪ ኪስ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ

የኔ እናት፣ እንዴት ነሽ? የኖክስቪል ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፣ የናሽቪል ሙቀት ብቻ ነው ያስቸገረን።

ባለፈው ስለ ከተማሽ ካውንስል (የከተማ ምክር ቤት) ምርጫ ስጠይቅሽ «እማዬ፣ ማን እንደሚወዳደር እንኳ አላውቅም፣ ማንም አያወራውም» አልሽኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከውስጤ አልወጣ አለ። የምጽፍልሽ ግን ልቆጣሽ አይደለም። እዚሁ ቴነሲ የኖረች አንዲት እናት ትዝ ስላለችኝ ነው።

ፌብ በርን ትባላለች። ናዮታ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ባሏ ሞቶባት እርሻዋን ራሷ ታስተዳድር ነበር። በፈረንጆቹ 1920 የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ እንዲገባ 36 ስቴቶች ማጽደቅ ነበረባቸው። 35ቱ አጽድቀው አንድ ሲቀር ነገሩ ሁሉ የቴነሲ ምክር ቤት የሚሰበሰብባት ናሽቪል ላይ መጣ። ደጋፊው ቢጫ፣ ተቃዋሚው ቀይ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ ሰክቶ ነበር የሚዞረው። ጋዜጦቹም ተከፋፍለዋል፤ ናሽቪል ቴነሲያን ሲደግፍ ናሽቪል ባነር ይቃወም ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚያነብ ሰው ስለዚያው ምክር ቤት ምን ያህል የተለየ ነገር እንደሚያውቅ አስቢው።

የፌብ ልጅ ሃሪ ገና 24 ዓመቱ ነው፣ በዕድሜ ከምክር ቤቱ አባላት ሁሉ ትንሹ። እሷ ናዮታ ሆና የተቃዋሚዎቹን ንግግር ስትከታተል ምሬቱ ገረማት። የልጇን አቋም ብትፈልግ ብትፈልግ ግን አጣችው። ሰባት ገጽ ደብዳቤ ጻፈችለት። የቤቱን የቤተሰቡን ወሬ እያወራችው መሀል ላይ ለሴቶቹ ድምፅህን ስጥ፣ በጥርጣሬ አታቆያቸው አለችው። ደግሞም የቱ ጋ እንደቆምክ ለማየት ስጠብቅ ነበር፣ እስካሁን ግን ምንም አላየሁም ብላ ጻፈችለት። እኔ ይቺ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌ ቆም እላለሁ። ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን ዝም እንዳለም ልብ ብላለች እኮ!

ኦገስት 18 ሃሪ ቀይ ጽጌረዳ ደረቱ ላይ፣ የእናቱን ደብዳቤ ኪሱ ውስጥ አድርጎ ገባ። ጉዳዩ ይቆይ በሚለው ሐሳብ 48 ለ48 እኩል ወጡ፣ እሱም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር። ለዋናው ድምፅ ስሙ ሲጠራ ግን «አዎ» አለ፣ ሕጉም አለፈ። ወዲያው ጉቦ በልቷል ተባለ። በማግስቱ እናቴ አጽድቅ ስላለችኝ ነው፣ ለልጅ ከእናት ምክር የሚሻል የለም ብሎ በምክር ቤቱ መዝገብ አሰፈረ። የሉዊዚያና የቀድሞ አገረ ገዢ ሚስት ፌብን ቤቷ ድረስ ሄዳ ቃልሽን እጠፊ ብትላት እሷ ንቅንቅ አላለችም።

እኔና አንቺን የሚመስሉ ሴቶች ግን በደቡቡ አብዛኞቹ እስከ 1965 ድረስ በሰበብ አስባቡ እንዳይመርጡ ይከለከሉ ነበር፣ ይህንንም እንድታውቂው እፈልጋለሁ። አይዳ ቢ ዌልስ እዚሁ ቴነሲ ሜምፊስ ጋዜጠኛ ነበረች፤ ጥቁሮች ያለ ፍርድ እየተገደሉ መሆኑን ብትጽፍ በ1892 የጋዜጣዋን ቢሮ አወደሙት። በ1913 ዋሽንግተን ላይ በሴቶቹ ሰልፍ ከኋላ ሁኚ ሲሏት እምቢ ብላ ከነጮቹ የኢሊኖይ ሴቶች መሀል ገብታ ሄደች። ያኔ የምትኖረው ኢሊኖይ ውስጥ ቺካጎ ነበርና የዚያው ከተማ ጋዜጣ ቺካጎ ትሪቢዩንም ፎቶዋን አወጣው።

እኛ ቤት የአገር ቤት ዜና ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም። የሰፈራችንን የካውንስል አባል ስም ግን አንድም ቀን አንስቼልሽ አላውቅም። እሱ የኔ ጥፋት ነው ልጄ።

እዚያው ኖክስቪል መሀል ከተማ የፌብና የሃሪ ሐውልት አለ፣ ሄደሽ እይው። ከዚያ የከተማሽን ጋዜጣ ክፈቺና እነማን እንደሚወዳደሩ፣ አንቺ ደግሞ ማን እንደሚሻል ያሰብሽውን ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።

እናትሽ