ከአጎትሽ ጋር ስለጀመርሽው ክርክር

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከአጎትሽ ጋር በስልክ የገጠማችሁትን ክርክር ሰማሁ። አንቺ «ካፒታሊዝም ድሃን ይፈጫል» ብለሻል። እሱ ደግሞ «ኮሚኒዝም ሰው ይበላል» ብሎ ዘግቶብሻል። እኔ ስለ አያትሽ ቤት ልንገርሽ።

በ1967 ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ አያትሽ አራት ኪሎ ተከራይ ነበረች። ኪራይዋ በግማሽ ወረደላት። እልል አለች። የቤቱ ባለቤት ግን እዚያው ግቢ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ነበሩ። ያቺን ቤት አከራይተው ነው የሚኖሩት። አዋጁ «ትርፍ» አላት። አያትሽ ቡና ስታፈላ ትጠራቸዋለች፣ ይመጣሉ፣ ስለ ቤቱ ግን ማንም አያነሳም።

ቤቱም የቀበሌ ቢባልም የማንም ሳይሆን ቀረ። በዚያች ጥቂት ብር ኪራይ ቀበሌው በምን ይጠግነው? ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ አቡጀዲው ይወይባል፣ ሳፋ እንደቅናለን። አንድ ቆርቆሮ ለመቀየር ማመልከቻ፣ ማህተም፣ «ነገ ተመለሺ» ነው። ስኳርና ሳሙናም በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ።

ግን ይሄንንም አትርሺ። በዚያ ርካሽ ኪራይ ነው ጉሊት የምትቸረችር ሴት መሀል ከተማ ተቀምጣ ልጆቿን ያስተማረችው። በ1971 መሠረተ ትምህርት ሲጀመር አያትሽ ፊደል ቆጠረች። ቀበሌ ፎርም ላይ በአውራ ጣቷ ፋንታ ስሟን የጻፈች ቀን ቤቱ ሠርግ መስሎ ነበር።

አጎትሽ ይሄን ሁሉ ያውቃል። ታላቅ ወንድሙ በ1970 እንደወጣ መቅረቱንም ያውቃል። ደርግ ራሱ ሲመጣ መፈክሩ «ያለምንም ደም» ነበር። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967፣ ወደ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ ረሸነ። በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ የልጁን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ወላጅ ነበረ። መስቀል አደባባይ ያለውን ሙዚየም ግቢና ፎቶዎቹን እያቸው። አብዛኞቹ ያንቺ እኩዮች ናቸው።

ረሃቡን ደግሞ ሁለቱም ወገን አይቶታል። በ1965 እና በ66 ወሎ ሲራብ ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር፣ የራበው ሰው ግን መግዣ አልነበረውም። እዚህ ላይ ልክ ነሽ። በ1977 ደግሞ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር በየኬላው ይያዝ ነበር። ገበሬው መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለመንግሥት የእህል ገዢ ድርጅት የሚያስረክበው ኮታ ነበረበት። ኮታው ሲጎድልበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሚያስረክብ ነበረ! መሬት ላራሹ ተብሎ ከባላባት የተላቀቀው ያው ገበሬ እኮ ነው። ንጉሡም ደርጉም ረሃቡን ደብቀዋል፤ ደርግ እንዲያውም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አሥረኛውን የአብዮት በዓል ደግሷል። «ሰው እየሞተ ነው» ብሎ የሚጽፍ ጋዜጣ በሁለቱም ዘመን አልነበረም። እኔ ከርዕዮተ ዓለሙ ስም በፊት የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ የተጎዳው ሰው መጮህ ይችላል ወይ?

ስለ ፒያሳ መፍረስ ያልሽውን ግን አልቀበልሽም። «ይኸው ካፒታሊዝም» አልሽ። እስቲ መሬቱ የማን ነው? በ1967 የመንግሥት ሆነ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 እንዳይሸጥ አድርጎ አቆየው። ባለሀብቱ በሊዝ ይጫረታል። ተነሺው በዋጋ አይደራደርም። ገበያው ለአንዱ፣ አዋጁ ለሌላው! ከሁለቱም ሥርዓት ለነዋሪው የማይመቸውን መርጠን የያዝን ይመስለኛል። በርግጥ ሕንፃው ሲሠራ ሥራ ያገኘ ወጣት አለ፣ ሽንት ቤትና ውሃ ያለው ኮንዶሚኒየም የደረሰውም አለ። ደንበኞቿ ፒያሳ ቀርተው እሷ ዳር ከተማ የገባችውን እንጀራ ሻጭ ግን ማን ጠየቃት?

ለአጎትሽ ደውዪለት፣ ቅር ብሎታል። በኢኮኖሚው አንቺ ትበልጪዋለሽ። ስለ ወንድሙ ግን ሳታቋርጪ አዳምጪው፤ እኔና እናትሽም ሙሉውን ነግሮን አያውቅም።

አባትሽ