የ"ልቀቅ" ወረቀት በደላላ አፍ አይላክም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሁሌ ወሬው ጭማሪ ላይ ነው። እኔ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ራፖር ጸሐፊ የሚሉን ማለት ነው፣ እና እኔ ጋ ከሚመጣው ጣጣ ብዙው "ልቀቅ" የተባለበት መንገድ ነው።

አከራዩ ይመጣና "ነግሬዋለሁ እኮ" ይላል። መቼ? "ፋሲካ ሰሞን"። በምን? "በስልክ፣ ደላላውንም ልኬበታለሁ"። በቃ ይሄው ነው። ተከራዩ ዳኛ ፊት ቆሞ ማንም ምንም አላለኝም ካለ ቀኑ ከየት ሊቆጠር ነው? ምክንያቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ልጄ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው" ነው፣ ልጁ ስንቴ እንደመጣ እግዜር ይወቀው፣ እስቲ ወረቀት ላይ ይጻፉት ስትላቸው ግን ዝም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ከ2 ዓመት አይነስ ብሏል። ስለዚህ 2 ዓመቱ ሳይሞላ በቂ ምክንያት ሳይኖር ምንም ያማረ ማስጠንቀቂያ ብጽፍላችሁ ወረቀት ነው። የቆየው የፍትሐብሔር ሕግም እንኳ ኪራይ ያዘገየውን ዝም ብለህ አስወጣው አላለም፣ መጀመሪያ እንዲከፍል ማስጠንቀቂያ ስጠው፣ ውሉ የ1 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ካልሆነ 15 ቀን ጊዜ ስጠው ነው የሚለው።

ትልቁ ችግር ግን ፊርማው ላይ ነው። ተከራዩ ወረቀቱን ሲያይ ይሸሻል፣ ከፈረምኩ ለመውጣት ተስማማሁ ማለት ነው ብሎ ስለሚያስብ። እንደዛ አይደለም! "ደርሶኛል፣ በሐሳቡ አልስማማም" ብሎ ቀኑን ጽፎ መፈረም ይችላል፣ እንደውም በኋላ ለራሱ ይጠቅመዋል፣ ምክንያቱም ምን ተብሎ እንደነበር፣ መቼ እንደተሰጠው ማስረጃው እሱም እጅ አለ። አልፈርምም ካለ ደግሞ አከራዩ መጮህ አያስፈልገውም፣ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ሄዶ ሰጥቶ፣ ቅጂው ላይ "ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም" አስብሎ ምስክሮቹን ማስፈረም ነው። በአደራ ፖስታ ልኮ ደረሰኙን ማስቀመጥም አለ። ቴሌግራም ላይ መጻፍ ከምንም ይሻላል፣ ግን እሱ ብቻ ላይ አትተማመኑ። የቤት ሠራተኛዋ እጅ ወይም ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ እጅ ላይ ጥሎ መሄድ ግን ተዉት።

ሁሉም አከራይ ጨካኝ ነው እያልኩ አይደለም። አንዲት ሰርቪስ ቤት አከራይተው ጡረታቸውን የሚደጉሙ እናት ተከራያቸው ሳይከፍል በር ዘግቶ ሲደበቅባቸው ምን ያድርጉ? ያሳዝናሉ። ቢሆንም ውሃ መቁረጥ፣ መብራት ማጥፋት፣ ቁልፍ መቀየር መፍትሔ አይደለም፣ ተከራዩ "ሁከት ይወገድልኝ" ብሎ ይከሳል፣ ያኔ ተበዳይ የነበሩት ሴትዮ ተከሳሽ ሆነው እኔ ጋ መልስ ሊያስጽፉ ይመጣሉ።

ደግሞ ማስጠንቀቂያው ራሱ ማስወጫ አይደለም። ተከራዩ አልወጣም ካለ ክስ ነው፣ መጥሪያውም በራሱ ሥርዓት ይደርሳል፣ ሰውየው ካልተገኘ ወይ አልቀበልም ካለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሩ ላይ የሚለጠፍበት፣ ጋዜጣ ላይ የሚወጣበት መንገድ አለ (አዲስ ዘመን ላይ የምታዩት የፍርድ ቤት ማስታወቂያ አንዱ እሱ ነው)። እቃ አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል ግን የባለቤቱም የደላላውም ሥልጣን አይደለም።

ወረዳዎች ውሉን ሲመዘግቡ እዛው መስኮት ላይ የማስጠንቀቂያ ፎርምም ቢያስቀምጡ ምናለበት? ምክንያት፣ የተሰጠበት ቀን፣ የመልቀቂያ ቀን፣ የሁለቱ ፊርማ፣ አንድ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ። የእኔ ገበያ ትንሽ ይቀንሳል፣ ይቀንስ።

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ
ከአዲስ አበባ