የሴቶች ማረፊያ ቤታችን ጣሪያ ከበልግ ዝናብ በፊት እንዲቆም የድጋፍ ጥሪ

ለተወደዳችሁ የቤቱ ደጋፊዎች፣ ለአካባቢያችን ዕድሮችና የጽዋ ማኅበራት፣ በሀገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ ወገኖቻችን፤

እንደምን ከረማችሁ? ባለፈው ነሐሴ የጣለው በረዶ፣ ለካንሰር ሕክምና ከሩቅ የሚመጡ ሴቶች የሚያርፉበትን የቤታችንን የኋለኛ ክፍል ጣሪያ መደርመሱን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ሰዓቱ የምሳ ስለነበር ሴቶቹ ሁሉ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ የለም። ሆኖም ከ22 አልጋዎቻችን 10ሩ ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። መስከረም ላይ ባወጣነው ጥሪ 470 ሺህ ብር ከተሰበሰበ በኋላ ገቢው ቆሟል። ተደጋግሞ የሚመጣ ልመና እንደሚያሰለች እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ግን የበልግ ዝናብ እየመጣ ነው፣ በፈረሰው ጣሪያ ፋንታ የዘረጋነው ሸራ ደግሞ ለሁለተኛ ክረምት አይበቃም። ስለዚህ አሁንም ደጃችሁን እናንኳኳለን።

ለምን ጣሪያ፣ ለምን መድኃኒት አትገዙበትም የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሶናል። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በዝርዝር እንመልስ።

በቤታችን ከሚያርፉት አብዛኞቹ የማህፀን በር ካንሰር ታማሚዎች ናቸው። በሽታው በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዙበታል፣ ከ5 ሺህ በላይ ይሞቱበታል። ብዙዎቹ ወደ ሕክምና የሚደርሱት ዕጢው ከማህፀን በር አልፎ ከተስፋፋ በኋላ ነው። በዚያ ደረጃ ቀዶ ሕክምና ብቻውን አይበቃም። የሚሰጠው ጨረርና ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በአንድነት ነው፤ ከውጭ የሚሰጥ ጨረር በሳምንት አምስት ቀን ለአምስት ሳምንት፣ አብዛኛውን ጊዜ 25 ጊዜ፣ ከዚያም ብራኪቴራፒ የሚባለው ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር። ጨረሩ በሚሰጥባቸው ሳምንታት በሳምንት አንድ ቀን ሲስፕላቲን የተባለው ኬሞ በደም ሥር ይገባል፤ መጠኑ በአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 40 ሚሊግራም ነው። ይህ ጥምረት ከጨረር ብቻ እንደሚሻል በአሜሪካ በ1999 የታወጁት ጥናቶች ካሳዩ ወዲህ የዓለም መደበኛ ሕክምና ሆኖ ቆይቷል።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በስምንት ሳምንት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ከዚያ ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ምክንያቱ ሕክምናው ሲቋረጥ ከጨረሩ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት ፈጥነው መራባታቸው ነው። አሥራ አምስተኛው ጨረር ላይ ስንቋ አልቆባት አገሯ የገባች፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም የተመለሰች ሴት ካቆመችበት ትቀጥላለች ማለት አይደለም። የከሰረችውን መልሳ አታገኘውም። የተወሰደው ኬሞ፣ የተሰጠው ጨረር፣ የተሸጠው በሬ፣ ሁሉም ይባክናል።

ለብዙ ዓመታት በሀገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን የመሳሰሉ ማዕከላት ተጨምረዋል፣ ትልቅ እፎይታም ነው። ያም ሆኖ ከወሎ ወይም ከደቡብ ኦሞ የመጣች ሴት ለየቀኑ የጨረር ቀጠሮ ከቤቷ ልትመላለስ አትችልም። ማሽኑ ከእሷ ጋር የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው፤ የቀረውን ቀንና ሌሊት የት ታሳልፍ? ዘመድ የሌላት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ታድራለች፣ ወይም ፔንሲዮን ትከራያለች። ፔንሲዮኑም ቢሆን ሁልጊዜ አይቀበላትም። በሽታው ደምና ሽታ ያለው ፈሳሽ ስለሚያመጣ፣ አከራዮች አንድ ሌሊት አሳድረው በማግስቱ ያስወጧቸው ሴቶች ወደ እኛ መጥተዋል። የፈረሰው ክፍል ለእነዚህ ሴቶች የተሠራ ነበር፤ ትልልቅ መስኮት፣ በየሁለት አልጋው አንድ መታጠቢያ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ፍራሽ። አሁን ያሉን 12 አልጋዎች መስኮታቸው ጠባብ በሆኑ የፊት ክፍሎች ውስጥ በመሆናቸው ብዙ የሚደሙትን እዚያ ማሳረፍ አልቻልንም።

አሥር አልጋ ስንት ሴት እንደሚይዝ ማስላት ቀላል ነው። አንዲት ሴት ስምንት ሳምንት ከቆየች አንድ አልጋ በዓመት ስድስት ሴቶችን ያስተናግዳል፤ አሥሩ 60 ሴቶችን። ጣሪያው ሳይሠራ አንድ ዓመት ቢያልፍ እነዚህ 60 ሴቶች ሌላ መጠለያ መፈለግ አለባቸው።

ከምርምር በኩል የመጣ አዲስ ነገርም አለ፤ ደጋፊዎቻችን እንዲያውቁት እንፈልጋለን። በብሪታንያ፣ በሜክሲኮ፣ በሕንድ፣ በጣሊያንና በብራዚል 500 ሴቶች የተሳተፉበት ኢንተርሌስ የተባለ ጥናት ውጤቱ በ2024 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከተለመደው ጨረርና ሲስፕላቲን በፊት ለስድስት ሳምንታት በየሳምንቱ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ቢሰጡ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ሴቶች ከ72 ወደ 80 በመቶ ከፍ እንደሚሉ አሳየ። መድኃኒቶቹ ነባር ናቸው፤ ባለቤትነታቸው የተያዘ ውድ መድኃኒት ወይም አዲስ ግኝት አይደሉም። በዚህም እጅግ ደስ ይለናል። ለእኛ ቤት ግን ሌላ ስሌት ይዞ ይመጣል። ሕክምናው በዚህ መንገድ ለተመደበላት ሴት የቆይታ ጊዜዋ ከስምንት ወደ 14 ሳምንት ያድጋል፤ ስድስት ሴቶችን ያስተናግድ የነበረ አልጋ አራት እንኳ አያስተናግድም። በዚሁ ጥናት ከባድ የጎን ጉዳት የደረሰባቸውም ቀድሞ ኬሞ በወሰዱት በኩል በዝተዋል፤ 59 በመቶ በ48 በመቶ ላይ። ስለዚህ ሕክምናው በተሻሻለ ቁጥር አልጋም፣ ነርስም፣ ከሆስፒታል የማይርቅ መኝታም የበለጠ ያስፈልጋል። አልጋ የሕክምናው አካል ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ቤቱ ውስጥ የሚደረገውን ለማታውቁ ጥቂት እንበል። ጠዋት ወደ ጨረር ከመሄዳቸው በፊት ሴቶቹ ሽንት ቤት ይገባሉ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጥተው ሽንታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ፊኛው ሲሞላ አንጀቱን ወደ ላይ ስለሚገፋው ጨረሩ ጤነኛውን አንጀት ብዙ አያገኘውም። ሲስፕላቲን በወሰዱበት ቀንና በማግስቱ ነርሷ የሚጠጡትን ውሃና የሽንታቸውን መጠን በመዝገብ ትይዛለች፤ መድኃኒቱ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዕጢው ራሱ ደግሞ የሽንት ቱቦን ሊያጠብ ይችላል። ሽንቷ የቀነሰ፣ እግሯ ያበጠ፣ የምታስታውክ ሴት በዚያው ቀን የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የክሪያቲኒን የደም ምርመራ ታደርጋለች። ኬሞ ላይ ያለች ሴት ሙቀቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ሰጥተን እስኪነጋ አንጠብቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለች። ነጭ የደም ሕዋስ በወረደበት ሰዓት ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ሲወርድ ሐኪሙ ደም ያዛል፤ የሰፈራችን ወጣቶች ለዚህ የሚሰጡትን ደም እግዚአብሔር ይቁጠርላቸው። ተቅማጥ የጀመራት ሴት ጥሬ አትክልትና በርበሬ ትታ ሩዝ፣ አልጫ ድንችና አጥሚት ትመገባለች፤ ኦ.አር.ኤስ. ሁልጊዜ አለ። በጾም ወቅት ምግብና ውሃ የሚተዉ እናቶችን ከንስሐ አባታቸው ጋር እናገናኛቸዋለን፤ በረመዳንም እንዲሁ ሼሁ መጥተው ያነጋግሯቸዋል። እስካሁን ሁለቱም ወገኖች ታማሚ መብላት እንዳለባት በግልጽ ተናግረውልናል።

በቤቱ የእንግዴ ልጅ ዕጢ ያለባቸው ወጣቶችም ያርፋሉ። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ይህ ከእርግዝና በኋላ የሚመጣ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ሜቶትሬክሴት በተባለ መድኃኒት ይድናል፤ ዕጢው የሚያመነጨው የእርግዝና ሆርሞን መጠን ግን በየሳምንቱ መለካት አለበት፣ ቀጠሮ የዘለለች ልጅ በሽታው ሲመለስ የሚያውቅላት የለም።

ወጪን በተመለከተ፤ ባለፉት ዓመታት የሰጣችሁት ገንዘብ የት እንደገባ የሚጠይቁ አሉ፣ መጠየቃቸውም መብታቸው ነው። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ፣ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ፣ ስድስት መጸዳጃና መታጠቢያ፣ የአንዲት ነርስና የሁለት ረዳቶች ደመወዝ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። የገዛነው ጄኔሬተር ቅንጦት ነው ያላችሁን ወንድሞች እናከብራችኋለን፤ ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ውሃ አይገፋም፣ ውሃ የሌለበት ቤት የሚደሙ ሴቶችን ሊያስተናግድ አይችልም። ጣሪያውን በፊት ያላደስነው ደግሞ የነበረው ብር ከውሃና ከመጸዳጃ ስለማያልፍ ነው፤ ቅደም ተከተሉ በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኗል፣ ቃለ ጉባኤውም አለ።

ጣሪያው ለምን እንደወደቀ መሐንዲስ አስመርምረናል። ወራጆቹ የባህር ዛፍ ናቸው፤ ግድግዳው ላይ የሚያርፈውን ጫፋቸውን ምስጥ በልቶታል። በረዶው በሁለቱ ጣሪያዎች መገናኛ ያለውን አሸንዳ ሞልቶ ሲከመር ክብደቱን የተሸከመው የተበላው ጫፍ ነበር። ቆርቆሮውን ብቻ ገልብጦ መልሶ መምታት ርካሽ ቢሆንም ያው ምስጥ ያገኘዋል። ስለዚህ ወራጁም ማገሩም በቱቦላሬ ይሠራል፣ ብረቱ ከግድግዳው አናት በሚፈሰው የቢም ኮንክሪት ላይ ይታሰራል፣ የመገናኛው አሸንዳ በእጥፍ ይሰፋል፣ ከጫፉም ሁለት መውረጃ ቱቦ ይኖረዋል።

ጠቅላላ ወጪው 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ነው። ቱቦላሬ፣ ኮንክሪትና ብየዳ 520 ሺህ፤ 200 ካሬ ባለ 28 ጌጅ ኢጋ ቆርቆሮ 220 ሺህ፤ አሸንዳና ፍሳሽ 90 ሺህ፤ ኮርኒስ 130 ሺህ፤ የኤሌክትሪክ መስመር 75 ሺህ፤ የእጅ ዋጋ 215 ሺህ። በእጅ ያለው 470 ሺህ ስለሆነ የሚቀረው 780 ሺህ ብር ነው። የብረት ዋጋ እየጨመረ ስለሆነ ቱቦላሬውን ባለው ገንዘብ ቀድመን ልንገዛ አስበናል፤ 50 ሺህ እንደተጨመረ ግዢው ይፈጸማል።

ሌላም የምንሠራው ሥራ አለ፣ ጣሪያው ሳይኖር የሚጎድል። የየሴቷን ሕክምና መጀመሪያና ማብቂያ ቀን፣ የቀረችባቸውን ቀጠሮዎችና ምክንያታቸውን እንመዘግባለን፤ ፈቃዷን ሰጥታ፣ ስሟ ወጥቶ መረጃው ለተመራማሪ ሐኪሞች ይደርሳል። ለመቅረት ምክንያት የሆነው ማሽን መበላሸት ነው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ነው ወይስ የቤት ልጆች? ይህን በቁጥር የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ለማንም አቤት ማለት አይቻልም። ሕክምናቸውን ከጨረሱ በኋላም በየሦስት ወሩ እንደውልላቸዋለን፤ በሽታው የሚመለሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነውና። ለማስታመም የመጡ እህቶችና ልጆችም ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ለቅድመ ምርመራ ይላካሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ቀደም ብለው መጀመር አለባቸው። ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ሴት ልጆቻችሁን ክትባት እንዲያገኙ አድርጉ፤ ብር መስጠት ለማትችሉት ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

«ታምሜ ጠይቃችሁኛል» የተባለው ቃል ለክርስቲያኑ፣ ሰደቃ ለሙስሊሙ የታወቀ ጥሪ ነው። ዕድሮቻችንም ለቀብር ብቻ እንዳልቆሙ ከአሁን በፊት አሳይታችሁናል፤ የሮቶውን ግማሽ የከፈላችሁት እናንተው ናችሁ።

ገቢ የሚደረገው በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በቤቱ በር ላይና በየዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር ተለጥፏል። በግለሰብ ስም የሚነገራችሁ ሂሳብ የእኛ አይደለም፤ እባካችሁ አትላኩ። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ገንዘቡ ከወር ምግብ ጋር ይቀላቀላል። በቴሌብር የምትልኩ ከማረጋገጣችሁ በፊት የሚወጣው ስም የኮሚቴው መሆኑን አንብቡ። በውጭ ሀገር ያላችሁ በሕጋዊ የገንዘብ ማስተላለፊያ ወደዚያው ሂሳብ ላኩ፤ በሰው እጅ አትላኩ። ከሂሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። ደረሰኝ ያልደረሳችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ ገንዘብ ያዡን ጠይቁ። በድጋሚ፤ በኮሚቴው ስም፣ ምክንያቱ «ጣሪያ»።

በዓይነት ለምትሰጡ፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ ሞዴስ፣ ቴርሞሜትርና ሩዝ እንቀበላለን። ያገለገለ ቆርቆሮ አታምጡ፤ የሚስማር ቀዳዳው ያፈሳል። በብየዳና በኤሌክትሪክ ሙያ ጉልበታችሁን ለመስጠት የምትችሉ ስማችሁን በየዕድራችሁ ጸሐፊ በኩል አስመዝግቡ፤ ቱቦላሬው እንደገባ ቅዳሜና እሁድ እንጠራችኋለን።

የማረፊያ ቤቱ አስተባባሪ ኮሚቴ