ዝናብ አይከሰስም፤ ባለመኪናው ግን ይከሰሳል

ክቡር አዘጋጅ፦

የክረምት የመኪና አደጋ ዜና በጋዜጣችሁ ሲወጣ አጨራረሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የሞቱትና የቆሰሉት ቁጥር ይነገራል፤ ቀጥሎ «የአደጋው መንስኤ በአካባቢው የነበረው ከባድ ጉም እንደሆነ ታውቋል» ይባልና ወሬው ያበቃል። እኔ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ የምጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከእናንተ እጅ ከወጣች በኋላ የት እንደምትደርስ አያለሁ። ለቅሶ ቤት ትደርሳለች። ከዚያ ሽማግሌዎች አንስተው «ምን ይደረጋል፣ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ጋዜጣም ብሎታል» ይሏታል።

ባለፈው ኅዳር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ መጣች። ባሏ በሐምሌ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ አህያውን እየነዳ በመንገዱ ጥግ ሲሄድ ነው ጭነት የያዘ አይሱዙ ተንሸራቶ የወጣበት። ወረቀቱ የእርቅ ውል ነው። «ባለቤቴ በጣለው ከባድ ዝናብና ጉም ምክንያት በደረሰ ድንገተኛ አደጋ ያረፈ ስለሆነ፣ የመኪናው ባለቤትም ለቀብርና ለተዝካር ስለረዱኝ፣ ከእንግዲህ ወዲህ በፍርድ ቤትም ሆነ ከፍርድ ቤት ውጭ ላልጠይቅ ተስማምቻለሁ» ይላል። ከሥሩ የሽማግሌዎች ፊርማ፣ ከዚያ ጎን የእሷ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም። አጻጻፉ እንከን የለውም፤ የጻፈው የእኔ ቢጤ ባለሙያ ነው። የተሰጣት ገንዘብ የአንድ በሬ ዋጋ አይሞላም።

ሕጉ ግን የሽማግሌዎቹን ቃል አይደግምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ሲነዳ የነበረው እሱ ያልፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። በጊዜው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ብቻ ይድናል። አንቀጽ 2086 ደግሞ የቀሩትን በሮች አንድ በአንድ ይዘጋቸዋል። «አላጠፋሁም» ቢል አይሰማም። «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ቢል አይሰማም። «ላስቀረው የማልችለው ነገር ነው» ቢል አይሰማም። «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» ቢልም አይሰማም። ጉሙ፣ ዝናቡ፣ በረዶውና ጭቃው ሁሉ ሦስተኛው በር ላይ ተሰልፈው የቆሙ ናቸው። የሚሰማለት፣ ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ያስረዳ እንደሆነ ነው። አህያውን እየነዳ ጥግ ይዞ የሄደው ሰው ምን አጠፋ?

ድሮ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል ነበር። የዛሬው ባለመኪና ከሰማዩ ጀርባ ተሸሽጎ የንጉሡን መብት ይጠይቃል።

ሰው የሚያምታታው የእስሩ ጉዳይና የካሳው ጉዳይ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያም፣ ለቅሶ ቤትም፣ አንዳንዴ ጠበቃ ነኝ ከሚለውም አፍ ተደባልቀው ይወጣሉ። ለእስር ጥፋት ያስፈልጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ማንም አይቀጣም ይላል፤ ይህ ተገቢ ነው። በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዳኛው ስለ ጉሙ ቢጠይቅ ጉዳዩ ነው። መብራቱን አብርቶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ርቀቱን ጠብቆ ሲነዳ መንገዱ የከዳውን ሹፌር ማሰር ግፍ ነው። እዚህ ላይ ግን ጉም ሁሉ ሰበብ አይሆንም። በሐምሌ ከጮቄ ሥር እየነዱ «ዝናብ ድንገት ጣለብኝ» ማለት ምን ዓይነት መደነቅ ነው? ፊቱን ማየት ያልቻለ ሹፌር መቆም ይችላል፤ ጎማው ልሙጥ መሆኑን፣ የዝናብ መጥረጊያው አንዱ ክንፍ እንደማይሠራ ከመነሳቱ በፊት ያውቃል።

እንዲህም ሆኖ ሹፌሩ በነፃ ተሰናበተ እንበል። ባለመኪናዎች በዚያ ቀን ሠንጋ ሊጥሉ ይደርሳሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 ግን ካሳ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎት በተሰጠ የነፃ መለቀቅ ውሳኔ አይታሰርም ይላል። ሹፌሩ ቤቱ ይገባል፤ ባለቤቱ ይከፍላል። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። የሃያ ሁለት ዓመት ተቀጣሪ ልጅ ማረሚያ ቤት ይወርዳል፣ «ሌሊቱን ነድተህ ጠዋት አድርስ» ብሎ በስልክ ያጣደፈው ሰው በሽምግልና ተገላግሎ ሌላ ሹፌር ይቀጥራል።

ዓባይ በረሃ ላይ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው ጠመዝማዛ፣ ሁለት መኪኖች ጉም ውስጥ ቢላተሙስ? አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይቆጥርና ጉዳቱን በየባለቤቶቹ ላይ እኩሌታ ይጥላል፤ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሹፌር መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር። እዚያም ቢሆን ለጉሙ የተመደበ ድርሻ የለም።

ለገበሬው ወገኔም ላዳላ አልችልም። አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ድንገት አምልጦት ቢሆንም። በጭጋግ የጠፋች ላም አስፋልት ላይ ወጥታ መኪና ከገለበጠች «ጭጋጉ ነው ያጠፋብኝ» ማለት አያዋጣም። ጨለማና ጉም ባለበት ሰዓት የመንገዱን መሐል ይዞ የሚሄድ ሰውም የካሳውን ከፊል ወይም ሙሉውን ሊያጣ ይችላል። አይሱዙ ላይ «አድርሰኝ» ብሎ በነፃ የተሳፈረው ደግሞ የሹፌሩን ጥፋት ማስረዳት ሊኖርበት ነው። ትኬት ቆርጦ የተሳፈረው ሰው ጉዳይ በማጓጓዣ ውል የሚታይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። የመንገዱ መሸርሸር፣ የተደፈነው የፍሳሽ ቦይ ራሱን የቻለ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። በአንቀጽ 2095 መሠረት ለእሷና ለልጆቿ የሚገባው፣ ሟች ይሰጣቸው የነበረው መተዳደሪያ ነው፤ ያ በሬ ሊገዛ በማይችል ገንዘብ የሚሸፈን አይደለም። (ለሐዘኗ ሕጉ ራሱ ቆጥቧል፤ አንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳን ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ አድርጎ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ይህን የሚያነብ የሕግ አውጪ ካለ ቢያፍርበት አይከፋኝም።) በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ከባለቤቱ በተጨማሪ መድን ሰጪም አለ። ይሁን እንጂ አውራ ጣቷ ወረቀቱ ላይ አርፏል። አንቀጽ 3312 እንዲህ ያለውን የእርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያየዋል። «መብቴን አላወቅኩም ነበር» ብላ ልታፈርሰው ብትሞክር መንገዱ ጠባብ ነው። ማመልከቻ ጻፍኩላት፤ ተስፋ ግን አልሰጠኋትም።

ሽምግልናን እየነቀፍኩ አይደለም። ደም ማድረቅ፣ ቂም ማብረድ የእነሱ ሥራ ነው፣ ፍርድ ቤትም አይተካቸውም። ያስታርቁ፤ ግን እርቁና ካሳው በአንድ ወረቀት፣ በአርባው ውስጥ፣ ባለመኪናው ባስጻፈው ቃል አይለቅ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሲደውልላችሁ እናንተም ከጉሙ አልፋችሁ ጠይቁ፦ መኪናው የዓመቱን ምርመራ አልፎ ቦሎ ለጥፏል ወይ? የሦስተኛ ወገን መድኑ አልፎበታል ወይ? ባለቤቱ ማን ነው? በዜናው መጨረሻ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በአንቀጽ 2143 ይታገዳል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀል ሕጉ የበለጠ ጊዜ ከሰጠ ብቻ ይረዝማል።

ባለፈው ክረምት ወገን የሞተባችሁ፣ ጊዜው ገና አላለፈባችሁም። ከትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን ግልባጭ፣ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ከሐኪም ቤት የሞት ወይም የጉዳት ማስረጃ አውጡ። ሊብሬው (የመኪናው ባለቤትነት ደብተር) በሹፌሩ ስም ካልሆነ ሹፌሩን ብቻ አትክሰሱ። እስከዚያው የሚመጣላችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ራፖር ጸሐፊ
ደብረ ማርቆስ