በርጩማ ያልሆነው ‹ስቱል›

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ወንድም ጋሼ
ጅማ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለእናታችንና ለመላው ቤተሰብ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱ ከወዲሁ ከመጠንከሩ በቀር የምማረርበት ነገር የለም። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችዎ ያዘጋጁትን የእንግሊዝኛ ፈሊጦች ዝርዝር በስልክ ፎቶ አንሥተው ከላኩልኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ‹‹አንቺ እዚያው አገሩ ላይ ስላለሽ እይውና የጎደለ ካለ ጨምሪበት›› ብለውኝ ነበር። የዘገየሁት ቸል ብዬ አይደለም። ዝርዝሩን ደጋግሜ ባየሁት ቁጥር ከሚጨመርበት ይልቅ የሚቀነስለት እየታየኝ፣ ይህንንም ለታላቅ ወንድም፣ ያውም ፊደል ላስቆጠረኝ መምህር፣ በምን አፍ እንደምናገረው ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት።

ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩን ከነውር ቦታ ልጀምር። በዚህ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት፣ አብራኝ የምትሠራ ሴት የአንዲት አሮጊት እመቤትን ክፍል አሳየችኝና ‹‹ስቱላቸውን በየቀኑ መመዝገብ እንዳትረሺ›› አለችኝ። ስቱል ማለት በርጩማ መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን የአባታችንን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በጣትዎ እየመቱ ‹ዚስ ኢዝ ኤ ስቱል› ያሉኝ ዛሬም በጆሮዬ ውስጥ አለ። የጅማ ልጅ በርጩማ ትቆጥር ዘንድ ባሕር ማዶ መታዘዟ ገርሞኝ ክፍሉን ብቃኝ ያለው አንድ አልጋና አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ብቻ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ንጹሕ በሆነ የእጅ ጽሕፈት ‹ኖ ስቱል› ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም ‹ኖ ስቱል›፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ መዝገቡን አይታ በድንጋጤ መጣች፤ ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ሆዳቸው ደርቋል ብላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ልትሰጣቸው ጽዋውን ይዛ ቆማ ነበር። እርሳቸው ግን ለካ በየቀኑ ያለ ችግር ይጸዳዱ ኖሯል።

ስቱል ማለት ዓይነ ምድርም ነው። ቃሉ ከመቀመጫነት ተነሥቶ መጸዳጃ የሚሆን መቀመጫን መጥራት ጀመረ፣ ከዚያም ከመቀመጫው ወደሚወጣው ነገር ተሻገረ። በነርሶቹ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንና የዓይነ ምድርን መልክ በሰባት ዓይነት የሚከፍለውን ሰንጠረዥ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከብሪስቶል ከተማ ሐኪሞች የወጣውን፣ እኔ ሥዕሉን ጠጋ ብዬ ሳላይ ርእሱን ብቻ አንብቤ የወንበር ዓይነቶች ዝርዝር ነው ብዬ አልፌው ነበር። ሌሊቱን ስስቅም ሳፍርም አድሬ፣ ወደ ንጋት ላይ ግን የራሳችን ቋንቋ ትዝ አለኝ። እኛስ ብንሆን ‹‹አስቀመጠኝ›› ስንል ወንበር ያቀረበልን ሰው አለን? ተቅማጥ የሚለው ቃልስ ከመቀመጥ ሌላ ምን ሥር አለው? አንድ ፈረንጅ ጅማ መጥቶ ‹‹ልጁን ሌሊቱን ሙሉ አስቀመጠው›› ሲባል ቢሰማ፣ ልጁ ተቀጥቶ ሳይተኛ ያደረ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ደግሞ ከሳቅ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንዲት ሴት እጄን ያዝ አድርገው ‹አይ ኒድ ቱ ስፔንድ ኤ ፔኒ› አሉኝ። አንዲት ሳንቲም ላወጣ እፈልጋለሁ ማለታቸው ነው ብዬ የእጅ ቦርሳቸውን አመጣሁላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔም መነጽራቸውን አመጣሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ በተደረገው ታላቅ ዐውደ ርእይ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ለመግባት አንድ ፔኒ ይከፈል እንደ ነበር፣ ከዚያ በኋላም በየከተማው የመጸዳጃው በር መቀርቀሪያ በፔኒ ይከፈት እንደ ነበር፣ የዚያ ዘመን ሰዎችም ነውሩን በሳንቲሙ ሸፍነው ይናገሩ እንደ ነበር የተረዳሁት አንሶላውን ከቀየርኩ በኋላ ነው። አንሶላውን ስቀይር ‹ሶሪ፣ ሶሪ› እያሉ ይቅርታ የሚጠይቁኝ እርሳቸው ነበሩ። አያታችን ‹‹እስቲ ደጅ ልውጣ›› ሲሉ ከዘራና ውሃ ከማቀበል በቀር ወዴት ነው ብሎ የጠየቃቸው ልጅ በቤታችን እንዳልነበረ አስታወስኩ። እርሳቸውም እንደ አያታችን ጨዋ ስለሆኑ ሸፍነው ተናገሩ፤ ገላጩ ሰው ግን እኔ ጋ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ነው ዝርዝርዎን በሌላ ዓይን ያየሁት። ካሰፈሯቸው 120 ፈሊጦች ውስጥ በአራት ዓመት ውስጥ በጆሮዬ የሰማኋቸው ከ20 አይበልጡም። ዶፍ ጣለ ለማለት ድመትና ውሻ ይዘንባል የሚለውን፣ የየክፍሉ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀውን፣ ዝናብ በማይለይበት በዚህ አገር አንድም ቀን ሲነገር አልሰማሁም። ቢነገርም ጉዳት የለውም፤ ከሰማይ ድመት ወረደ ሲባል ነገሩ ፍቺ እንዳለው የማይጠረጥር ሰው የለምና ይጠይቃል፣ ይነገረዋል፣ ያልፋል። የሚጎዳው ፈሊጥ መሳይ ያልሆነው ነው። ‹ስቱል›ም ‹ፔኒ›ም ሲሰሟቸው እንደ ዕለት እንጀራ ቀላል ናቸው፤ ስለዚህ ተረድቻለሁ ብለው ይሄዳሉ፣ አለመረዳትዎም የሚታወቀው አንሶላው ከረጠበ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፉት ደግሞ ትንንሾቹ ግሦች ናቸው። በሥራ ርክክብ ላይ ‹ሺ ስሩ አፕ ትዋይስ› ሲሉኝ፣ ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ የወረወሩት ዕቃ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወለሉን ፈለግኩ። አስታወኩ ማለት ነው። ‹ቮሚት› ቢሉኝ ኖሮ ዘጠነኛ ክፍል በባዮሎጂ የተማርኩት ቃል ነው። ‹ፑት› የምትለውን ቃል ይውሰዱ፤ ‹ኦፍ› ሲከተላት ማዘግየት፣ ‹አውት› ሲከተላት እሳት ማጥፋት፣ ‹አፕ ዊዝ› ሲከተላት መታገሥ ትሆናለች። ‹ፖስትፖን› እና ‹ቶለሬት› ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቃላት ናቸው፤ ለእኛ ግን አንድ ቃል አንድ ትርጉም ስለሆኑ እፎይ ያሰኙናል።

እዚህ አገር ግልጥ አጻጻፍን ለማስፋፋት ብዙ ተደክሟል። ክሪሲ ማኸር የተባለች፣ እስከ ጉርምስና ዕድሜዋ ማንበብ ያልቻለች ሴት፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በፓርላማው አደባባይ በመቶ የሚቆጠሩ የመንግሥት ቅጾችን ቆራርጣ የጀመረችው ዘመቻ እስከ ዛሬ አለ። የመንግሥት ድረ ገጽ የአጻጻፍ መመሪያም ‹ዴሊቨር› (ማድረስ) የሚለውን ቃል ለፒዛ፣ ለፖስታና ለአገልግሎት እንጂ ማሻሻያን ለመሰለ ረቂቅ ነገር አታውሉት ይላል፤ ይህን ሳነብ ጥርሴን አላሳየሁም ብል ውሸት ነው። የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ለሕዝብ ሲጽፍ ‹ስቱል›ን ትቶ ሕፃናት የሚሉትን ‹ፑ› ይጠቀማል። ለጨዋ ጆሮ ይጎረብጣል፤ እኔን ግን ከስንት ውርደት ባዳነኝ ነበር። ሆኖም የእነርሱ ምክር ለእኛ ሙሉ በሙሉ አይሠራም። ‹‹አጭርና የዕለት ተዕለት ቃል ተጠቀሙ›› የሚለው ሕግ እንግሊዝኛን ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ሰው ነው የተጻፈው፤ ተማሪ ግን የሚጠፋው አጭሩ ቃል ውስጥ ነው፣ ብዙ ስለተሠራበት ብዙ ትርጉም ያዘለው እርሱ ነውና።

የእኛን ‹በላ› ያስቡት። ሰው እንጀራ ይበላል፣ ዳኛ ጉቦ ይበላል፣ ገንዘባችንን ውሃ ይበላዋል፣ ልጅ ሲያለቅስ አንጀታችንን ይበላዋል። ‹አለ›ማ ጭራሽ! ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ። ዝም ያለ ሰው ምን ‹እንዳለ› ለባዕድ ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

የእርስዎን አሳብ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ›› ሲባል ያደግን ሰዎች ነን፤ ከተማሪዎችዎ ብዙዎቹም በቤታቸው በኦሮምኛ ማማክሳ፣ ማለትም ምሳሌያዊ አነጋገር፣ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ ነገርን እንደወረደ መናገር በእኛ ዘንድ ያለመማር ምልክት ነው። ስለዚህ ልጁ እንግሊዝኛን ዐወቅሁ ለማለት ፈሊጥ ይፈልጋል፣ ድርሰቱንም ሁሉ በ‹ኢን ኤ ናትሼል›፣ ‹‹ባጭሩ›› ለማለት፣ ይዘጋል። ነገር ግን ያው አገራችን ‹‹ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ›› ይላል። ፈሊጥ አንዲት ቃል ስትዛነፍበት የነቃ ብርሌ ነው። እኔ ራሴ ሥራው ቀላል ነው ለማለት ቁራሽ ኬክ እንደማለት ቁራሽ ዳቦ ብዬ፣ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ምሳቸውን ትተው ሲስቁ ውለዋል። ‹ኢት ዋዝ ኢዚ› ብል ኖሮ ማንም አይስቅም፣ ማንም አያሳንሰኝም ነበር።

በተለይ ደግሞ ሞትን የሚመለከተውን ነገር ለይተው እንዲያስተምሯቸው እለምንዎታለሁ። ‹ዊ ሎስት ሂም› ሲሉ ጠፉብን ሳይሆን ሞቱብን ማለታቸው ነው፤ እኛ ‹‹አረፉ›› እንደምንለው። በሥልጠናችን ላይ መርዶ ስትነግሩ ‹ዳይድ› የሚለውን ቃል ራሱን ተናገሩ፣ ቤተሰቡ ተስፋ ይዞ እንዳይቀር ተብለናል። መርዶን በንጋት፣ በዘመድ አጀብ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ የሚያረዳ አገር ልጅ ይህን ቃል ከአፏ ለማውጣት ምን ያህል እንደሚከብዳት እርስዎ ያውቁታል። ቢሆንም እላለሁ፤ ስልክ ይዘው የሚጠብቁት ልጆቻቸው የሚፈልጉት እርሱን ነውና።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። 120ውን ወደ 20 ያውርዱልኝና በምትካቸው የ‹ፑት›ን፣ የ‹ጌት›ን፣ የ‹ቴክ›ን ዘመዶች ያስገቡ። ልጆቹ እንዲሰሟቸው እንጂ እንዲናገሯቸው አያስገድዷቸው፤ በአፋቸው ‹ፖስትፖን› ይበሉ፣ በጆሯቸው ግን ‹ፑት ኦፍ›ን ይወቁ። እርስዎ ራስዎ እንግሊዝኛን የያዙት እንዲህ አልነበረም? ማታ ማታ ራዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጠው የሚከታተሉት የአሜሪካ ድምፅ ልዩ እንግሊዝኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር ጀምሮ 1500 ያህል ቃላት ብቻ እየተጠቀመ፣ በአጫጭር ዐረፍተ ነገር፣ ከተለመደው ንግግር ዝግ ብሎ የሚነበብና ፈሊጥ የሚሸሽ ነበር። ፈሊጦቹን የሚያብራራው ዝግጅት ብቻውን ተለይቶ ይተላለፍ እንደ ነበር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያስታውሱታል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ያ የአባታችን በርጩማ አሁንም እናታችን ቡና የምታፈላበት ቦታ ካለ ፎቶ አንሥተው ይላኩልኝ፤ ነርሷ ታሪኩን ሰምታ በሰንጠረዡ አጠገብ፣ ስምንተኛው ዓይነት ብላ ልትለጥፈው ትፈልጋለች። የእናታችንን ጉልበት ሳሙልኝ።

አክባሪዎ ታናሽ እህትዎ