ደምሽን ስለጠየቁሽ ሰዎች

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅታልሻለች፤ ወንድምሽም ክፍልሽን ለመውረስ ልመናውን አላቋረጠም።

እሑድ ማታ ስትደውዪ የሰጠሁሽን መልስ ሳላስብበት ነው የተናገርኩት። «አባዬ፣ ስለ አኖሬክሲያ፣ ስለዚያ ከምግብ ስላራቀኝ ሕመም፣ ለሚደረግ የዘረመል ጥናት ደም ትሰጫለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል፤ ዐሥራ ስምንት ስለሞላኝ የምፈርመው እኔው ነኝ፤ ግን አንተ ምን ትላለህ?» አልሽኝ። እኔ ደግሞ «የልጄ ደም ለማንም አይሰጥም» ብዬ ወሬውን ወደ ፈተናሽ አዞርኩት። አንቺም ዝም አልሽ። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ያ ዝምታሽ ነው። በስልክ ብሞክረው እንባ ይቀድመኛል፤ በጽሑፍ ግን እስከ መጨረሻው እደርስ ይሆናል። አማርኛ ማንበብ ላስተማሩሽ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የምሠራበትን የመኪና ማቆሚያ ታውቂዋለሽ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ማዕከል አለ። ሕንፃው የቆመው በ1992 በፈረሰው አሮጌ ስታዲየም ቦታ ላይ ነው፤ ከስታዲየሙ የመግቢያው ቅስት ተርፎ አሁን ከሕንፃው ውስጥ ይታያል። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) አንቺ ሆስፒታል በተኛሽባቸው ሳምንታት ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ በዚያ በኩል እያለፍኩ ነበር ወደ አንቺ የምመጣው። በዚያ ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር በ1944 እና በ1945 ምን እንደተደረገ የነገረችኝ ሐኪምሽ ናት።

ሥራውን የመራው አንሴል ኪስ የሚባል ተመራማሪ ነው። በዓለም ጦርነቱ የተራበው የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት ሊያገግም እንደሚችል ለማወቅ 36 ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። በእምነታቸውና በሕሊናቸው ምክንያት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ ናቸው፤ ሌሎች እንዲበሉ ትራባላችሁ ወይ ተብለው ተጠይቀው፣ እሺ ብለው የመጡ። በአካልም በአእምሮም ጤነኞች መሆናቸው ተመርምሮ ነው የተመረጡት። ለ24 ሳምንታት በድንች፣ በጥቅል ጎመን፣ በዳቦና በመኮሮኒ፣ ያውም ከሚያስፈልጋቸው በብዙ ባነሰ መጠን፣ አቆዩአቸው። ስንት ካሎሪ እንደነበር አልጽፍልሽም፤ ቁጥር አንቺን ምን ሲያደርግሽ እንደነበር አይቻለሁ።

እነዚያ ወንዶች ምግባቸውን እየቆራረጡና ውኃ እየጨመሩ አንዱን ማዕድ እስከ ሁለት ሰዓት ያቆዩት ጀመር። የምግብ አሠራር መጻሕፍት ሰብስበው እንደ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር። በበጋ ይበርዳቸዋል፤ የልባቸው ምት ቀነሰ፤ ፀጉራቸው ረገፈ፤ ከጓደኞቻቸው ራቁ፤ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ፣ ይተክዛሉ። ሐኪምሽ ይህን ስትዘረዝርልኝ አንድ ሰው ቤታችን ገብቶ አንቺን እያየ የጻፈው መሰለኝ። እንጀራውን የባቄላ ፍሬ አሳክለሽ ትቆራርጪው ነበር። በሰኔ ሙቀት ሁለት ሹራብ ደርበሽ ትቀመጪ ነበር። ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንበሽ በስልክሽ የኬክ አሠራር ስትመለከቺ አግኝቼሻለሁ። ለወንድምሽ ልደት ኬክ ጋግረሽ፣ ክሬሙ ጣትሽን ሲነካሽ፣ እሳት እንደነካው ሰው ሮጠሽ ቧንቧ ከፍተሽ ስታጥቢው አይቻለሁ።

እኔም ይህን ሁሉ ጥጋብ ብዬ ጠራሁት። አንቺ ፊት ነው ያልኩት፤ ጎረቤት እየሰማ።

እርግጥ እነዚያ ወንዶች ምግብ ቢያገኙ ይበሉ ነበር፤ የአንቺ ሕመም ከረሃብ ያለፈ ነገር አለበት። ቢሆንም ከጠባይሽ የቆጠርኩት ብዙው ነገር ሰውነት ሲራብ አእምሮ የሚሆነው እንደሆነ የገባኝ በእነሱ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንቺን መቆጣት አልቻልኩም።

ለምን እንደዚያ እንደተናገርኩ ግን ልንገርሽ፤ ምክንያት ልሆንለት ሳይሆን እንድታውቂው ብዬ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ደሴ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከገጠር የመጡ ሰዎች በየአጥሩ ሥር ተኝተው አይቻለሁ። ያንን ያየ ልጅ አድጎ፣ የራሱ ልጅ ሙሉ ማዕድ ስትገፋ ሲያይ፣ ሕመም አይታየውም። የሚታየው የእግዚአብሔር ስጦታ ሲናቅ ነው። ከዚያ ዘመን አያቴ ትዝ ትለኛለች፤ ለአንድ ሽማግሌ የአጥሚት ውኃ በማንኪያ ስትሰጣቸው፣ እኔ ሮጬ እንጀራ ላመጣላቸው ስል እጄን ያዘችኝ። «ባንድ ጊዜ አይሆንም፣ ይገድላቸዋል» አለች። ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎ ሆስፒታል ውስጥ በየማለዳው ደምሽን ሲወስዱ ተቆጥቼ ስጠይቅ ነርሷ የነገረችኝ ያንኑ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በድንገት ምግብ ሲያገኝ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ወርዶ ልብን ሊያቆም ይችላል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ እየመገቡ ደምን በየቀኑ ያያሉ። አያቴ ፎስፌትን ሳታውቅ ይህን ታውቅ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ጉርሻው። ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ።

የዚህን በሽታ ስም ያወጣው ዊልያም ገል የሚባል የለንደን ሐኪም ነው፤ በ1870ዎቹ። ታማሚዋ በሰዓቷ እየተመገበች ሌሎች ሰዎች ይቆጣጠሯት፣ ከአስታማሚ ሁሉ የከፉት ዘመዶቿ ናቸው ብሎ ጽፏል። ይህ አስተሳሰብ ለስንት ቤተሰብ በር እንደዘጋ አስቢው። በ1987 በዚያው በለንደን በሞድስሊ ሆስፒታል ጄራልድ ራስልና ባልደረቦቹ 80 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ባደረጉት ጥናት ነገሩ ተገለበጠ። ሕመሙ በልጅነት የጀመራቸውና ገና ያልቆየባቸው ልጆች ለብቻቸው ከባለሙያ ጋር ከሚነጋገሩ ይልቅ ከቤተሰባቸው ጋር ሲታከሙ የተሻለ አገገሙ። ከዚያ በ2010 በአሜሪካ 121 ልጆች የተሳተፉበት ጥናት ወጣ፤ ሕክምናው ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላ በቤተሰብ ከታከሙት 49 ከመቶው፣ ለብቻቸው ከታከሙት 23 ከመቶው ሙሉ በሙሉ ድነው ተገኙ። ሐኪምሽ ይህን ስትነግረኝ ደስታዬን አይታ «ግማሾቹ ግን አልዳኑም» አለችኝ። ሳትደብቀኝ ስለነገረችኝ አመናት ጀመርኩ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ምሳ ይዛችሁ ኑ ተባልን። እናትሽ ሽሮና እንጀራ በምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። ባለሙያዋ እኛን አስቀምጣ «ዛሬ እሷ ከምትፈልገው አንድ ጉርሻ ብቻ ጨምሩ» አለች። ሌላው አገር የሚሰለጥንበትን እኛ ከእናታችን ጡት ጋር የጠባነው መሰለኝና ጠቅልዬ ዘረጋሁልሽ። አፍሽን ዘጋሽ። እጄ በአየር ላይ እንዳለ ሽሮው በክንዴ ወረደ። እናትሽ «በሽታው ነው እንጂ እሷ አይደለችም» እያለች እጅሽን ያዘች። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። በመጨረሻ ጎረስሽው፤ እያለቀስሽ፣ ዐይንሽን ጨፍነሽ። «አንድ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን ስጠቀልል ሳቅሽ፤ ከስምንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቅሽ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረውን ዓመት ታውቂዋለሽ፤ በቀን ሦስት ማዕድና መክሰስ፣ ፈረቃዬን ቀይሬ፣ እናትሽ ሥራዋን ትታ፣ ወንድምሽ አጠገብሽ ተቀምጦ ቀልድ እያወራ።

የጾሙንም ነገር ላንሣ፤ ሳይነገር መቅረት የለበትም። ሕመሙ በጀመረሽ ዓመት ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾሚ እኔና እናትሽ ኮርተን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ላገኘነው ሰው ሁሉ አውርተናል። ትንሣኤ መጣ፣ ዶሮው ቀረበ፣ አንቺ ግን አልፈሰክሽም። ያን ጊዜ መንቃት ነበረብን። «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ የእኛን ልጅ አይነካትም» የምንል ወላጆች ብዙ ነን። በ2004 የወጣ የጋና ጥናት አለ፤ 668 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶችን አይተው፣ ራሳቸውን በረሃብ የሚጎዱ ዐሥር አገኙ። ልጆቹ ስለ ውፍረት አላወሩም፤ ያወሩት ስለ ሃይማኖትና ራስን ስለ መግዛት ነው። የንስሐ አባታችን የነገሩሽን አትርሺ፦ የታመመ አይጾምም፤ ለአንቺ መብላትሽ መታዘዝ ነው።

እንግዲህ ወደ ደምሽ። እሑድ «ለማንም አይሰጥም» ያልኩት ጥቁር ሰው በሕክምና ጥናት ስም በዚህ አገር የደረሰበትን ስለማውቅ ነው። በአላባማ በተስኪጊ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች መድኃኒት እየከለከሉ ከ1932 እስከ 1972 ሲመለከቷቸው ኖረዋል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ አንቺም አትናቂው።

ሌላም ነገር ግን አለ። በ2019 የወጣው ትልቁ የዘረመል ጥናት 16,992 አኖሬክሲያ የያዛቸውንና 55,525 ያልያዛቸውን ሰዎች አነጻጽሮ፣ ከበሽታው ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ቦታዎችን አገኘ። አንዳንዱ ዝምድና ከአእምሮ ጋር፣ አንዳንዱ ሰውነት ስብና ስኳርን ከሚያስተዳድርበት መንገድ ጋር ነው። በልጆች እልኸኝነት ወይም በእናቶች አስተዳደግ ሲያሳብቡ ለኖሩ ሁሉ መልስ ነው። እናትሽ «እኔ ነኝ ያበላሸኋት» እያለች ስንት ሌሊት እንዳነባች አንቺ አታውቂም። ሆኖም የዚያ ጥናት ተሳታፊዎች ሁሉ የዘር ሐረጋቸው ከአውሮፓ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሺዎች መካከል አንቺን የምትመስል ልጅ የለችም።

ይህን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። አንቺን ያዳነሽ እውቀት በሙሉ፣ ሆስፒታሉም ጉርሻውም፣ አንድ ቀን «እሺ» ብለው ከፈረሙ ሰዎች የመጣ ነው። ከ36ቱ አንዱንም አላውቅም፤ ከ80ዎቹም ከ121ዱም። ልጄን ግን አስታመውልኛል። የእነሱን ወስጄ የእኛን ስነፍግ አየሁት፤ ደስ አላለኝም።

ስለዚህ ያልኩትን አንስቻለሁ። ፈርሚም አትፈርሚም አልልሽም፤ ደሙ የአንቺ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ግን ጠይቂያቸው፦ ደምሽ የት ይቀመጣል? ስምሽ ከመረጃው ይለያል ወይ? ለሌላ ተመራማሪ ወይም ለድርጅት ይተላለፋል? ሐሳብሽን ብትቀይሪ እንዴት ያወጡሻል? መጠይቁ ስለዚያ ዘመን ክብደትሽ የሚጠይቅ ከሆነና ከረበሸሽ ደግሞ መዝለል ትችያለሽ ወይ? ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ያሳስበኛል፤ ለሐኪምሽ ደውዪላትና አማክሪያት።

ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ነኝ። ዳቦ ቆሎውን ይዤ እመጣለሁ፤ እስክመጣ ብቻ ቅጹን አትፈርሚው፣ አብረን እናነበዋለን። ከወላጆችም የሚወስዱ እንደሆነ ጠይቂልኝ።

አባትሽ